ሰባት ሰዓት በኢስታንቡል፦ ከእናቴ ጋር ከተማ ልውጣ ወይስ ኤርፖርት ልቀመጥ?

ጥያቄ፦

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በሚቀጥለው ወር ከእናቴ ጋር ቶሮንቶ ወደምትኖረው ታላቅ እህቴ እንሄዳለን። ወልዳለች፤ ሕፃኑን ልናይ ነው። በረራችን በኢስታንቡል በኩል ነው። ጠዋት እንደርሳለን፣ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቆይተን ከሰዓት በኋላ እንበራለን። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። እኔ ከተማ ወጥተን ጥንት ቤተ ክርስቲያን የነበረውን፣ ዛሬ መስጊድ የሆነውን አያ ሶፍያን ባሳያት ደስ ይለኛል። ዕድሜ ልኳን ስለዚያ ቤት ስትሰማ ነው የኖረችው። ወንድሜ ግን «ጌቱ (መሳፈሪያው በር) ፊት ቁጭ በሉ፣ ንቅንቅ እንዳትሉ» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ሰባት ሰዓት ሙሉ ተጎልቶ መዋል ምን የሚሉት ነው?» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

ሁለት ሐሳብ የሆነባት

መልስ፦

እህቴ፣ እህትሽን እንኳን ማርያም ማረቻት። ሕፃኑንም ያሳድግላችሁ።

ሳላንዛዛ ልመልስልሽ። በዚህ ጉዞ ከኤርፖርት አትውጡ። ወንድምሽ እንዳለው ጌት ፊት ተገትራችሁም አትዋሉ። አያ ሶፍያን እናትሽ ይዩት፤ ግን በመልሱ ጉዞ፣ ራሱን የቻለ ቀን ተሰጥቶት። ለምን እንዲህ እንዳልኩሽ አንድ በአንድ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠረው። 7 ሰዓት ከ10 ማለት 430 ደቂቃ ነው። ይህ የሚቆጠረው የመጀመሪያው አውሮፕላን ይደርሳል ከተባለበት ሰዓት ጀምሮ ሁለተኛው ይነሳል እስከተባለበት ድረስ ነው። የእናንተ ጊዜ ግን ያኔ አይጀምርም። በሩ እስኪከፈት፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ሁሉ ሻንጣውን እስኪያወርድ፣ ያንን ረጅም መተላለፊያ እስክትጨርሱ 30 ደቂቃ ያዢ። ለመውጣት የፓስፖርት ቁጥጥር አለ። ጠዋት ብዙ በረራ ስለሚያርፍ ለሰልፉ 45 ደቂቃ ያዢ፤ ይህም ቀን ከቀናሽ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። አሁን ያለው የኢስታንቡል ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቆ በ2019 በረራዎቹ ሁሉ ከድሮው የተዛወሩበት ነው። የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በኩል ነው። ከአያ ሶፍያ ሰፈር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገዱ ክፍት ሲሆን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሲዘጋጋ ከዚያ ብዙ ያልፋል። ሜትሮም አለ። ነገር ግን እዚያ ሰፈር እስኪደረስ መቀያየር ይፈልጋል። መቀያየር ማለት ደረጃና ረጅም መተላለፊያ ነው፣ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ስለዚህ ለመሄጃ 70፣ ለመመለሻም 70 ደቂቃ ያዢ።

መመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቱርክ ውስጥ ገና ኤርፖርቱ በር ላይ ፍተሻ አለ። ከዚያ የፓስፖርት ቁጥጥር፣ ከዚያ ሌላ ፍተሻ፣ ከዚያ ወደ ጌት የሚወስደው ጉዞ። ወደ ሰሜን አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ጌቱ ላይ ተጨማሪ የሰነድና የዕቃ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። ተሳፋሪ መግባት የሚጀምረውም ከመነሻው አንድ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ኤርፖርቱ በር ላይ ከበረራው 150 ደቂቃ በፊት መገኘት አለባችሁ።

ደምሪው። ከ430 ላይ 30 እና 45 ሲቀነስ 355 ይቀራል። የመንገዱ 140 ሲወጣ 215። የመመለሻው 150 ሲወጣ 65 ደቂቃ። ሁሉም ነገር አማን ከሆነ፣ ከሰባቱ ሰዓት ውስጥ ከተማው የሚሰጥሽ ይህችን ብቻ ነው። ከ65ቱ ደቂቃ ላይ ደግሞ የአያ ሶፍያ ሰልፍ አለ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የሚገባው ወደ ላይኛው ፎቅ ነው፤ መውጫውም አቀበት ነው። እናትሽን እያጣደፍሽ ያንን አቀበት ልታስወጫቸው ነው? ከሰዓትሽ ጋር እየተፋጠጥሽ የሚታይ ቤት አይደለም።

ባልደረባሽ ግን ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። ከተማው ለኤርፖርቱ ቅርብ ሲሆን ሰባት ሰዓት ብዙ ነው። አምስተርዳም ላይ ከስኪፖል ኤርፖርት ባቡሩ ሩብ ሰዓት ገደማ ተጉዞ መሃል ከተማ ያወርድሻል። ዙሪክም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ይቀርባል። ስለዚህ የቆይታውን ርዝመት ብቻ አትይ፣ ርቀቱንም እዪ። ናሪታን እንውሰድ። ስሙ የቶኪዮ ኤርፖርት ነው እንጂ ከቶኪዮ መሃል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብልህ መንገደኛ ስድስት ሰባት ሰዓት ሲኖረው ቶኪዮን አያስባትም። በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ሄዶ ናሪታ ከተማ ይወርዳል። ከሺህ ዓመት በፊት፣ በ940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተውን ናሪታሳን የተባለ ቤተ መቅደስ ያያል፤ ረጋ ብሎም ይመለሳል። ትልቁን ከተማ ትቶ ትንሿን መምረጥ ብዙ ሰው አይታየውም። እኔ ግን አጭር ቆይታ ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለውን ነው ባይ ነኝ።

«ነፃ ጉብኝት አለ ይባላል» ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አለ። የቱርክ አየር መንገድ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ለሚቆዩ የራሱ ዓለም አቀፍ ትራንዚት መንገደኞች (አውሮፕላን ለመቀየር ለሚያርፉ) ቱሪስታንቡል የሚባል ነፃ የከተማ ጉብኝት ያዘጋጃል። አውቶቡሱም አስጎብኚውም በእነሱ ነው። ሲንጋፖርም ቢያንስ 5 ሰዓት ተኩል ለሚቆይ ትራንዚት መንገደኛ የ2 ሰዓት ተኩል ነፃ ጉብኝት አላት። የሴኡል ኢንቾን ኤርፖርትም እንዲሁ። ብቻሽን ብትሆኚና መነሻ ሰዓቱ ቢገጥምልሽ «ሂጂ» እልሽ ነበር። ከመንጋው ጋር ስለምትመለሺ በራስሽ ከመውጣት ይሻላል። ግን የቡድን ጉብኝት ማለት በድንጋይ ንጣፍ ላይ በቡድኑ ፍጥነት መራመድ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ይሳቀቃል፤ እናት ደግሞ ልጄን አሳፈርኳት ብላ ሕመሟን ዋጥ ታደርጋለች። ይህን ቀን በዚህ አታበላሽባቸው።

ቪዛውን ደግሞ አትርሺ። ከትራንዚት ክልል ወጥቶ ከተማ መግባት ወደ አገሩ መግባት ነው፤ ነፃ ጉብኝት ቢሆንም ያው ነው። ቱርክ ለብዙ አገሮች ፓስፖርት ኢ-ቪዛ (በኢንተርኔት የሚወጣ ቪዛ) የምትሰጠው የሼንገን (የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች)፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ነው። የካናዳ ቪዛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ «የካናዳ ቪዛ አለን፣ ያስገቡናል» ብላችሁ ሰልፉ መጨረሻ ላይ እንዳትመለሱ። ይህን የሚያነብ ሌላ መንገደኛም አንድ ነገር ይያዝልኝ። ሳይወጡ ማለፍም ቪዛ የሚጠይቅባቸው ቦታዎች አሉ። የሼንገን አገሮች በአፍሪካና በእስያ ያሉ የ12 አገሮች ዜጋ የሆነን ሰው፣ ከኤርፖርት ባይወጣም፣ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠይቁታል፤ አንዳንዶቹ አገሮች በዚህ ላይ ሌሎችንም ይጨምራሉ። አሜሪካ ደግሞ ጭራሽ የትራንዚት ክልል የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ሊያልፍ የመጣውም በኢሚግሬሽን ገብቶ፣ ሻንጣውን ተረክቦ፣ እንደገና አስረክቦ ነው የሚቀጥለው። ትኬት ከመግዛት በፊት የሚጣራ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ውስጥ ነው የምትውሉት። ምን ታደርጋላችሁ? እዚህ ላይ ነው ወንድምሽን የማልሰማው። ከኢስታንቡል ቶሮንቶ በረራው ከ10 ሰዓት በላይ ነው። እናትሽ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን በረራ ጨርሰው፣ ሌሊት ሳይተኙ አድረው፣ ገና ረጅሙ ይጠብቃቸዋል። ለእኔ እነዚህ ሰባት ሰዓቶች አንድ ሥራ ነው ያላቸው፦ እናትሽ ለሁለተኛው በረራ አርፈው፣ ታጥበው፣ እግራቸውን ዘርግተው እንዲነሱ ማድረግ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። በአጭር ቆይታ ሰው የሚደክመው አራት አምስት ነገር ለማድረግ ሲሮጥ ነው።

ዛሬውኑ ለአየር መንገዱ ደውለሽ የዊልቸር እርዳታ ጠይቂላቸው። ነፃ ነው። ቢያንስ ከጉዞው 48 ሰዓት ቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ለሁለቱም በረራ እንዲመዘገብ አድርጊ። «እኔ ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው?» ሊሉሽ ይችላሉ። አትከራከሪያቸው። ኤርፖርቱ በጣም ትልቅ እንደሆነ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግር 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ ንገሪያቸው። ረዳቱ በፍተሻውም በሌላ መስመር ይወስዳችኋል፤ አንቺም ከእሳቸው ጋር ታልፊያለሽ። ደግሞ ቋንቋው ለማያግባባቸው እናት መንገዱን የሚያውቅ ሰው አብሯቸው መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስትወርዱ አትቸኩሉ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ይለቅ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ እንቅልፍ። በኢስታንቡል ኤርፖርት ውስጥ በሰዓት የሚከራይ ሆቴል አለ፣ ዮቴል ይባላል። ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ውጭ፣ አንዱ በትራንዚት ክልሉ ውስጥ። ስትይዢ የውስጠኛውን መያዝሽን አረጋግጪ። ይህን ሳያዩ የውጪውን ከፍለው የሚያዝኑ አሉ። አልጋና ሻወር ለአራት ሰዓት ያህል ብትይዢ ይበቃችኋል። ገንዘቡ የከበደሽ እንደሆነ ላውንጅ ሌላ አማራጭ ነው። ምቹ ወንበር፣ የሚበላ፣ ብዙውን ጊዜም ሻወር አለው። ከሁለት አንዱን ከመረጥሽ ግን አልጋውን ምረጪ። የተነፋ እግር የሚመለሰው ከፍ ብሎ ሲዘረጋ ነው፤ ወንበር ላይ ያብጣል እንጂ አይመለስም።

እግርን ካነሳን፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሰው ሳያውቀው ውሃ ይጠማዋል። ብዙ እናቶች ሽንት ቤት እንዳይመላለሱ ብለው ውሃ አይጠጡም። ይህን ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው፣ መተላለፊያ ዳር ያለውን ወንበርም ያዢላቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ከነማዘዣው። ሻንጣ ውስጥ የገባ መድኃኒት ኢስታንቡል ላይ አይገኝም። የሚወስዱበትንም ሰዓት የሰዓት ልዩነቱን አስበሽ አስቀድመሽ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ሻንጣውን በተመለከተ አንድ ነገር በዓይንሽ እዪ። መነሻችሁ ላይ ሻንጣውን ስታስረክቡ ሠራተኛዋ እጀታው ላይ ረጅም ወረቀት ትለጥፋለች። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈ ባለ ሦስት ፊደል የኤርፖርት ኮድ አለ። የቶሮንቶው ኮድ ከሆነ ሻንጣው በቀጥታ ይሄዳል፣ ኢስታንቡል ላይ አትፈልጉት። የኢስታንቡል ከሆነ ግን እዚያው ጠይቂ፣ ዝም ብለሽ አትሂጂ። ሁለቱም ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) እዚያው ተሰጥቷችሁ እንደሆነም አረጋግጪ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት፣ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ከተያዙ ነው። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ በሚቀጥለው በረራ የሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ኪሳራው የእናንተ ነው፤ ሰባቱ ሰዓትም ያኔ ብዙ አይደለም።

ስትደርሱ የመጀመሪያ ሥራሽ የበረራ ሰሌዳውን ማየት ነው። የጌት ቁጥሩ ገና ላይወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፣ አትደንግጪ። ወንድምሽ «ጌቱ ፊት ተቀመጡ» ያለው ቢደረግም የትኛው ጌት ፊት? አንዴ የወጣ ቁጥርም ይቀየራል። የስልክሽን ሰዓት ከሰሌዳው ሰዓት ጋር አስተያዪ፤ ኔትወርክ ካልያዘ የመነሻችሁን ሰዓት እያሳየሽ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ከበረራው ሁለት ሰዓት በፊት የሚጮህ ማንቂያ ሙዪ። ስልኩን ካመንሽው አልጋው ላይ ሆነሽ ሰዓት እያየሽ አትጨነቂም።

ለስልክ ሌላም አለ። በብዙ ኤርፖርቶች ነፃ ዋይፋይ የሚከፈተው ወደ ስልክ በሚላክ ኮድ ነው። የአንቺ ሲም ውጭ አገር ካልሠራ ኮዱ አይደርስሽም። ፓስፖርት አስነብበሽ ኮድ የምታገኚበት ማሽን ካለ እሱን ፈልጊ። ቦርዲንግ ፓሱን፣ የእህትሽን አድራሻና ስልክ፣ የቪዛውን ደብዳቤ በወረቀት ያዢ። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም።

ከነፃ ቀረጥ ሱቆቹ ሽቶ ወይም ሌላ ፈሳሽ ለመግዛት ካሰብሽ፣ ወደ ቶሮንቶ በሚሄደው በረራ ጌት ላይ ፍተሻ ሊኖር እንደሚችል አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ እዚያም ሊያገኝሽ ይችላል። ሻጩ በሚያሽገው ግልጽ ከረጢት ውስጥ፣ ደረሰኙ ከውጭ እንዲታይ አድርጎ ይስጥሽ፣ እስክትደርሱም አትክፈቺው። ከመነሻችሁ ገዝተሽ ያመጣሽውማ ኢስታንቡል ላይ በትራንዚት ፍተሻ ሊወሰድብሽ ይችላል።

ተኝተው፣ ታጥበው፣ በልተው አንድ ሰዓት ተኩል ቢተርፋችሁ፣ ትልቁ መስኮት ያለበት ቦታ ውሰጃቸው። አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ፣ ሻንጣ ሲጫን፣ ነዳጅ ሲሞላ ይዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ያላየውን ሁሉ ከዚህ ያያል፤ ለሁለተኛው በረራ ያለውም ፍርሃት ይቀንሳል። ሌላ ቦታ ቆይታ ቢኖራችሁ ኤርፖርቶቹ ራሳቸው ብዙ የሚታይ አላቸው። ስኪፖል ውስጥ የራይክስ ሙዚየም ቅርንጫፍ አለ። ዶሃ ላይ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ በጣሪያ ሥር ያለ የአትክልት ስፍራ አለ። ሲንጋፖር ቻንጊ ውስጥ የቢራቢሮ አትክልት ስፍራ አለ። የቻንጊው 40 ሜትር ከፍታ ያለው ዝነኛ ፏፏቴ ግን ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ውጭ ነው፤ ስንቱ ውስጥ ለውስጥ ሲፈልገው ይውላል።

አሁን ወደ አያ ሶፍያ። የመልስ ትኬታችሁን አውጪና እዪው። የሚመለሰውም በኢስታንቡል በኩል ከሆነ ለአየር መንገዱ ደውለሽ «በመልሱ ኢስታንቡል ላይ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማደር እንፈልጋለን፣ ይቻላል ወይ? ልዩነቱ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ አየር መንገዶች ይህን ይፈቅዳሉ። የቱርክ አየር መንገድም ረጅም ቆይታ ላላቸው መንገደኞቹ በአንዳንድ መስመሮች ሆቴል የሚሰጥበት አሠራር አለው፣ እናንተን ይመለከት እንደሆነ አብረሽ ጠይቂ። ያኔ ጠዋት ሰልፉ ሳይረዝም ትሄዳላችሁ። አቀበቱን እያረፉ ይወጡታል። ላይ ሲደርሱ የፈለጉትን ያህል ይቁሙ።

ቪዛውን ግን ለዚያ ጊዜ አታቆዪው። ቶሮንቶ ከገባችሁ በኋላ ከማመልከት፣ ከመነሳታችሁ በፊት የቱርክ ቆንስላን ጠይቂና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልጋችሁ እወቂ። አንድ ወር አለሽ፤ ዊልቸሩንና ቪዛውን በዚህ ሳምንት ጨርሺያቸው።